ለትንንሽ ጎማ የሚበቃ ንፋስ

ጡረታ በወጣሁ ሰሞን የጤና ጣቢያው ልጆች ተሰብስበው ሸኙኝ። «እማማ አስካለ፣ ከሥራ ዘመንዎ የተማሩትን አንድ ነገር ይንገሩን» አሉኝ። ስለ መርፌ ወይም ስለ አዋላጅነት የምናገር መስሏቸው ነበር። እኔ ግን ስለ ብስክሌት ጎማ ንፋስ ስጀምርላቸው ሳቁ። አልፈረድኩባቸውም፤ እነሱ ወደ ገጠር የሚወጡት በመኪና ነው። ያን ቀን ዳቦው መቆረስ ስለነበረበት አሳጥሬ ተውኩት። እዚህ ግን የሚያቋርጠኝ ስለሌለ ከነምክንያቱ እጽፈዋለሁ።

አባቴ ጣሊያን ከወጣ በኋላ ከጦሩ ጋር ነገሌ የገባ የመንዝ ሰው ነው። እኔ እዚያው ተወለድኩ። አማርኛን ከቤት፣ ኦሮምኛን ከጎረቤት ልጆች ተማርኩ። ስምንተኛ ክፍልን ስጨርስ ድሬሰርነት ሠለጠንኩና ነገሌ ላይ መርፌ መቀቀልና ቁስል ማጠብ ጀመርኩ። የመጀመሪያው አለቃዬ ጠዋት ጠዋት ሰላምታ ከመስጠቱ በፊት ጥፍራችንን ያይ ነበር። ደመወዙ ከወር ወር አያደርስም፣ ሪፖርቱ ደግሞ አያልቅም፤ ስለ ሁለቱም ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ወደ ሜጋ ስዛወር አቶ ጌታሁን የሚባሉ ጤና መኮንን አገኘሁ። ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ በሽተኛ ፊት ተቀምጠው እንጂ ቆመው የማይጠይቁ ሰው ነበሩ። የጣቢያው ዘበኛም አስተርጓሚም ገልገሎ ነው፤ የቦረና ሰው፣ ሣቅ የማያልቅበት። መኪና አልነበረንም። ከያቤሎ የምትመጣው መኪና ደግሞ ስትፈለግ የለችም፣ ሳትፈለግ በር ላይ ትቆማለች።

በዚያ ዘመን ከከተማው ዳር የመንገድ ሠራተኞች ሰፈር ነበር። አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ወደ አገሩ ሲመለስ ብስክሌቱን ለጤና ጣቢያው ትቶልን ሄደ። ከወገቧ የምትታጠፍ፣ መቀመጫዋ ከፍ፣ ወገቧ ዝቅ ያለ፣ ጎማዎቿ ከሰፌድ የማይሰፉ ነገር ናት። ገልገሎ ዞር ዞር ብሎ አያትና፣ «ይቺ ፈረስ አይደለችም፣ ሬኤ ናት» አለ። ሬኤ በእነሱ አፍ ፍየል ማለት ነው። ስሙ ጸናባት።

ወገቧ ዝቅ ያለ በመሆኑ በቀሚስ መውጣት ይቻል ነበር። ከቀሚሴ ሥር ሱሪ ታጥቄ ተማርኩባት። መጀመሪያ በሜጋ ገበያ መሐል ሳልፍ ግማሹ ሰው እልል አለ፣ ግማሹ ፊቱን አዞረ። የማንኛቸውንም አልሰማሁም፤ ዓይኔን ከጠጠሩ ላይ ካነሳሁ እወድቃለሁ። ወር ሳይሞላ ግን ክትባት የምሰጥባቸውን ቅርብ ቅርብ መንደሮች በሬኤ ማዳረስ ጀመርኩ። ጭነቱ ጥጥና ፋሻ፣ ክኒንና ጥቂት መርፌ ስለነበር ስለ ጎማው ማንም አላሰበም።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ቦረናዎች ከብት ከሚያጠጡባቸው የጉድጓድ ውሃዎች አቅጣጫ አንድ ሰው እየሮጠ መጣ። የወንድሙ ሚስት ቃባሌ ወልዳለች፣ ደሙ ግን አልቆመም። መኪናዋ ያቤሎ ናት። አቶ ጌታሁን ሁለት የግሉኮስ ጠርሙስ በብርድ ልብስ ጠቅልለው በእንጨት ሳጥን ከኋላዬ ጫኑልኝ። ጎማውንም በራሳቸው እጅ ነፉት።

«ጎማ ሲጠነክር ይሮጣል» አሉ፣ ፖምፓውን እየገፉ። በአውራ ጣታቸው ሲጫኑት አልሰርጉድ እስኪል ነፉት። እኔም ትክክል መሰለኝ። ያየነው ሁሉ እንደዚያ ነበርና።

እውነትም ሮጠች፤ አስፋልት ቢሆን። መንገዱ ግን የጭነት መኪና የከሰከሰው ኮረኮንች ነው፣ እንደ ከብት ጎድን የተደረደረ። ትልቅ ጎማ በእንዲህ ያለ መንገድ ከጎድን ወደ ጎድን ይራመዳል፤ ትንሹ ጎማ እያንዳንዱ ውስጥ ይወርዳል፣ ከእያንዳንዱም ይዘላል። የእኔዋ ደግሞ እንደ ድንጋይ ጠንክራለች። ጥርሴ ይንቀጫቀጫል፣ ዓይኔ መንገዱን ሁለት አድርጎ ያያል። ለመዝገም ብሞክር ቃባሌ ትዝ ትለኛለች። ከመንገዱ አጋማሽ በኋላ ከኋላዬ ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። ትንሽ ቆይቶ ባቴ ላይ እርጥበት ተሰማኝ። ላብ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩና መንዳቴን ቀጠልኩ።

ስደርስ ቃባሌ ጎጆዋ ውስጥ ቆዳ ላይ ተኝታለች። ከንፈሯ ነጥቷል። በደረት ኪሴ የያዝኩትን መርፌ ወጋኋት፣ ሆዷን ይዤ ማሕፀኗን ማሸት ጀመርኩ። ደሙ ቀነሰ። ቀነሰ እንጂ የፈሰሰው አልተመለሰም። እጇ ቀዝቅዟል፣ የእጇ ትርታ ከጣቴ ሥር እየራቀ ሄደ። አሁን የሚያስፈልገው ያ ጠርሙስ ነበር። አማቷ ሃዳ ጂሎ፣ በልጃቸው ስም «የጂሎ እናት» ማለት ነው፣ ከደጅ ወደ ውስጥ ገቡ።

«ከብስክሌትሽ ላይ የሚንጠባጠበው ምንድን ነው?» አሉኝ።

«መድኃኒቱ ነው፣ እናቴ።»

ቃባሌን አዩ፣ እኔን አዩ። «እንግዲያ መሬት ጠጣው በይኛ» አሉ። ቁጣ የለበትም። እንዲያው ያዩትን ነው የተናገሩት።

ቃባሌ ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ አረፈች። ልጁ ተረፈ፤ ጡት ያላት አክስት ወሰደችው።

ብስክሌቱን እየገፋሁ ወደ ሜጋ ተመለስኩ። አቶ ጌታሁን ሳጥኑን ከፍተው ስብርባሪውን አዩ። ነገሩን አንድ በአንድ ነገርኳቸው።

«ጠርሙሶቹ ቢደርሱ ትተርፍ ነበር?» አልኳቸው።

አልዋሹኝም። «ላትተርፍም ትችል ነበር። ግን ዕድሏን አላደረስንላትም» አሉ። ከዚያ ጎማውን በጣታቸው ተጫኑት። «ይህ ነገር ዳግመኛ እንዳይሆን ምን እናድርግ? ለቅሶውን ከሱ በኋላ እናለቅሳለን።»

ያን ቀን ልቤ ውስጥ የገባው ቃል ይኸው ነው። በሚቀጥለው ጉዞ የንፋሱን ግማሽ አስወጣን። ሳጥኑ እንደ አልጋ ተመቸው። ነገር ግን ከከተማ ብዙ ሳልርቅ አንድ ሹል ድንጋይ ላይ ስወጣ ብረቱ ቸርኬ ጎማውን አልፎ ድንጋዩን መታው፤ የውስጡ ላስቲክ፣ ካላማዳሪው፣ በመሐል ተጨፍልቆ ጎን ለጎን ሁለት ቦታ ተቀደደ። የቀረውን መንገድ በእግሬ ሄድኩት። ሲጠነክር ጠርሙስ ይሰብራል፤ ሲላላ መንገድ ላይ ያስቀራል። በሁለቱ መካከል ያለውን ልክ የሚያውቅ ሰው ሜጋ ውስጥ አልነበረም። አቶ ጌታሁንን ፈቃድ እንዲሰጡኝ ጠየቅኳቸው።

«ልታርፊ ነው?»

«ልማር ነው። ነገሌ ብስክሌት የሚያክሙ ሰው አሉ።»

አው አደምን ከልጅነቴ አውቃቸው ነበር። ከሐረር በኩል የመጡ፣ በገበያው ጫፍ ብስክሌት የሚያከራዩና የሚጠግኑ ሽማግሌ ናቸው። መፋቂያ ከአፋቸው አይለይም። ሬኤን ከጭነት መኪና ላይ ሳወርድ ሲያዩ ሳቁ። ቀጥሎ ግን ተንበርክከው የቫልቭዋን አፍ በሽርጣቸው ጫፍ ጠረጉ። ምንም ሳይሠሩ በፊት አፉን መጥረግ ልማዳቸው ነው፤ «አንድ አሸዋ ከገባ ሌሊቱን ሙሉ ንፋስ ይሰርቃል» ይሉ ነበር።

«አው አደም፣ ለዚች ስንት ንፋስ ይበቃታል?» አልኳቸው።

«ማን ይነዳታል?»

«እኔ።»

«ምን ትጭኛለሽ?»

«ጠርሙስ።»

«በየት በኩል?»

«በኮረኮንች።»

«ታዲያ ውጪባት፣ ሳጥንሽንም ጫኝ። ባዶ ብስክሌት አልነፋም።»

ይህ ዋናው ደንባቸው ነበር። የብስክሌቱ ባለቤት ማንም ይሁን ማን፣ ከነጭነቱ ካልተቀመጠበት በቀር ፖምፓ አያነሱም። ሰውየው ተቀምጦ ሳለ ጎንበስ ብለው የጎማው ሆድ መሬት ላይ እንዴት እንደተነፋ ያያሉ። ከዚያ በአውራ ጣታቸው ጎኑን ይጫናሉ። ከግድግዳው ላይ የንፋስ መለኪያ ተሰቅሏል፤ እሱንም አይንቁትም። ግን መጀመሪያ በጣታቸው ይገምታሉ፣ ቀጥሎ በመለኪያው ጣታቸውን ይፈትናሉ። በሚነፉበት ጊዜ ሰው ቢያናግራቸው አይመልሱም።

ሬኤን ነፍተው ሲጨርሱ የፊተኛው ከኋለኛው ለስለስ ያለ ነበር። ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ክብደትሽም ሳጥንሽም ኋላ ነው። ፊቱን እንደ ኋላው ካጠነከርሽው እጅሽን ይመታል እንጂ ምን ይሸከማል?» አሉ። ከዚያ ከአንድ ትልቅ ብስክሌት አጠገብ ወሰዱኝ። «ይኸውልሽ፣ ልጄ። ትልቁ ጎማ ጉድጓዱን ያልፈዋል፤ ትንሹ ይገባበታል። ከገባበት ደግሞ ወይ ጎማው ይታጠፍ ወይ ጭነቱ ይመታ። እንዲታጠፍ ንፋስ ትቀንሻለሽ። ግን ሆዱ ትንሽ ነው! በትልቁ የማይታወቅ አንድ ትንፋሽ እዚህ ላይ የሰማይና የምድር ያህል ነው። ስለዚህ ቀስ።»

ሳጥኑ ውስጥ የቆርቆሮ ኩባያዎች ደርድረው ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው ጠጠር መንገድ ላኩኝ። መጣሁ፣ አስተካከሉ፣ ደግሜ ሄድኩ። በማግስቱም እንዲሁ። በፀሐይ ወጣሁ፣ በፀሐይ ተመለስኩ። «ደግሞ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልነበራቸውም። በሦስተኛው ቀን ሰለቸኝና መንገዱ ዳር ተቀመጥኩ። እግሬ ዝሎ፣ መዳፌ ተልጦ ነበር። መጥተው አጠገቤ ቁጢጥ አሉ።

«ሌሎቹ ድሬሰሮች እንዲህ አይለፉም። አንቺን ምን አስያዘሽ?»

ስለ ቃባሌ ነገርኳቸው። ስለ አማቷ ንግግርም ነገርኳቸው። አው አደም መፋቂያቸውን ከአፋቸው አወጡ። «አላህ ይዘንላት» አሉና ተነስተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። የተቀየሙኝ መሰለኝ። ሲመለሱ ሚስታቸው ለእንግዳ የምታወጣቸውን ስስ የሻይ ብርጭቆዎች በትሪ ይዘው ነበር። የቆርቆሮ ኩባያዎቹን ከሳጥኑ አወጡና ብርጭቆዎቹን አስቀመጡ።

«እንግዲያስ በቆርቆሮ አንማርም» አሉ።

የተማርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ብርጭቆ ይናገራል። ንፋሱ ሲበዛ ብርጭቆ ከብርጭቆ ተነካክቶ ቀጭን ድምፅ ያወጣል። ሲያንስ ደግሞ ብርጭቆው ዝም ይላል፣ ቸርኬው ግን ከታች የታፈነ ድምፅ ይሰጣል፤ ያ ድምፅ ካላማዳሪው ሊጨፈለቅ መሆኑን ነጋሪ ነው። ልኩ ሁለቱም ዝም የሚሉበት ነው። ቦታው ደግሞ እጅግ ጠባብ ነው። የመጀመሪያ ቀን ሁለት ብርጭቆ ሰበርኩ። ሚስታቸው ወይዘሮ ፋጡማ በር ላይ ቆመው፣ «አደም፣ እንግዳ ሲመጣ በመዳፍህ ታጠጣዋለህ!» አሉ። አው አደም የተሰበረውን ጠርገው ሌላ ጨመሩ።

የንፋስ ጠባይ ጠዋትና ቀትር እንደሚለያይም ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። በጠዋቱ ቅዝቃዜ ልክ የነበረው ጎማ ቀትር ላይ በፀሐይ ይወጠራል። ትኩስ ጠጠር ላይ ስሄድ ቆም ብዬ በጣቴ ቫልቭዋን ነክቼ ትንሽ «ፍስ» ማድረግ ለመድኩ። ቀጫጭኖቹን ጎማዎች አስወልቀው ከሞያሌ ባስመጡት ሰፋ ባለ ጎማ ቀየሩልኝ። ልመለስ ስል ከነሳጥኑ፣ ከነብርጭቆው እስከ ማረፊያው ደርሼ ተመለስኩ፤ አንድም ድምፅ አልሰማሁም። አው አደም ሳጥኑን ከፍተው ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ በብርሃን አዩ። «በርቺ» አሉ። ሌላ ምስጋና ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም።

ሜጋ ስመለስ አቶ ጌታሁን ሸሚዛቸውን ሰብስበው ከእኔ ተማሩ። ገልገሎም ተማረ። ከዚያ በኋላ በነበርኩበት ጊዜ ከሜጋ ወጥቶ የተሰበረ ጠርሙስ የለም።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ከነገሌ ወደ ዶሎ በሚወስደው መንገድ ላይ ወዳለ ጣቢያ ተዛወርኩ። ሬኤም ተፈቅዶልኝ አብራኝ መጣች። አለቃው አቶ መርሻ ፈጣን፣ ድምፀ ትልቅ፣ ለበሽተኛ የሚንገበገቡ ሰው ናቸው። የበልጉ ዝናብ በጠነከረበት ወቅት ከወንዙ ማዶ ባለ መንደር ሰው በተቅማጥና በትውከት መርገፍ ጀመረ። ጠዋት የታመመ ማታውን የማያይበት ዓይነት ነው። በአፍ የሚሰጠው አይቆይላቸውም፤ የሚያድናቸው በደም ሥር የሚገባው የጨው ውሃ ነው፣ እሱም በጠርሙስ። መኪና ነበረን። ወንዙ ግን ደፍርሶ ሞልቶ መኪናውን አላሳልፍ አለ። ሰው በገመድ ይሻገራል፤ ከማዶ ያለው መንገድ ደግሞ በእግር ግማሽ ቀን ይፈጃል።

«እኔ እሄዳለሁ» አልኩ።

ጠርሙሶቹንና ብስክሌቷን ሰዎች በጭንቅላታቸው ተሸክመው በገመዱ አሻገሩልን። አቶ መርሻም ወገባቸው ድረስ ረጥበው አብረው ተሻገሩ። ማዶ ስንደርስ ሳጥኑን በሣርና በጨርቅ ጠቅጥቄ ጫንኩ፣ ወጣሁባት፤ የጎማዋንም ሆድ እንዲያዩልኝ ለመንኳቸው። ጭነቱ ከለመድኩት ሁሉ የከበደ ነበር። መንገዱም ዝናቡ ሳይገባ አዲስ ጠጠር የተደፋበት፣ ገና መኪና ያልረገጠው፣ ሹል ነው። በለመድኩት ልክ ብሄድ ኋላው ይጨፈለቃል። ስለዚህ ኋላውን ነፋሁ፣ ከፊቱ ደግሞ አስወጣሁ። አንድ ዙር ነድቼ አዳመጥኩ። ጠርሙሶቹ ተነጋገሩ። ወርጄ ከኋላው ጥቂት አስወጣሁ።

አቶ መርሻ ትዕግሥታቸው አለቀ። «አስካለ! ሰው እየሞተ አንቺ ንፋስ ታወጫለሽ?»

«እንዳይሞት ብዬ ነው፣ ጌታዬ። ይያዙልኝ።»

አቶ መርሻ ወደ እኔ ቀረቡ። ከዚያ መሪውን በሁለት እጃቸው ግጥም አድርገው ያዙልኝ። ሁለተኛ ዙር ነዳሁ። ጠርሙሶቹ ዝም አሉ፣ ቸርኬውም ዝም አለ። ወዲያው ሄድኩ።

በዚያ መንገድ እንደልቤ አልሮጥኩም። መፍጠን እችል ነበር፤ እግሬ ይፈቅዳል፣ ልቤም ይገፋል። ግን ልኩ የተወሰደው ለዚያ ጭነትና ለዚያ አካሄድ ነው፣ ከፈጠንኩ ያፈርሰዋል። ፀሐይ ስትከርር ከአንድ ግራር ሥር ቆምኩና ጎማውን ነካሁት፤ ተወጥሯል። ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ አስወጥቼ ቀጠልኩ። ጉሮሮዬ ደርቆ ነበር። ከጠርሙሱ በቀር ውሃ አልያዝኩም፣ ቦታው ሁሉ ለጠርሙስ ነበርና።

መንደሩ ስደርስ አንድ ሽማግሌ አርፈው ሰዎች ሊቀብሯቸው ተነስተዋል። ለእሳቸው አልደረስኩም። ሌሎቹ ጨርቅ በተወጠረበት ጥላ ሥር ተደርድረዋል። ሳጥኑን ከፈትኩ። ሣሩን አነሳሁ፣ ጨርቁን አነሳሁ። ሁሉም ደህና ነበሩ።

ከሁሉ የባሰበት ጉዮ የሚባል ግመል አርቢ ነው። ዓይኑ ሰርጉዷል፣ ቆዳው ተቆንጥጦ አይመለስም፣ የደም ሥሩ ጠፍቷል። በአንዱ ክንዱ ሞከርኩ፣ አልሆነም። በሌላው ሞከርኩ፣ አልሆነም። በቁርጭምጭሚቱ በኩል አገኘሁት። ጠርሙሱን የምሰቅልበት ስላልነበረ ሚስቱ ጫልቱ ቆማ በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ያዘችው። ክንዷ ሲዝል ጎረቤት ተቀበላት፣ እንደገና ተቀበለች። እኔ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄድኩ መርፌ አስገባሁ። ሁለተኛው ጠርሙስ ወደ ማለቁ ሲል ጉዮ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ።

«ቢሻን» አለ። ውሃ ማለቱ ነው።

ጫልቱ ጠርሙሱን ሳታወርድ፣ «ከላይህ እየያዝኩልህ አይደለም እንዴ!» ብላ ጮኸችበትና አለቀሰች።

በዚያ ሳምንት በየቀኑ ወደ ወንዙ ተመላለስኩ። አቶ መርሻ በገመዱ ያሻግሩልኛል፣ ከማዶ እየጠበቁ መሪውን ይይዙልኛል፣ እኔ ንፋሱን እለካለሁ። ከዚያ በኋላ አንድ ቀንም «ፍጠኚ» አላሉኝም። ሰው መሞቱ ቆመ። ቀጥሎ የመጣው ወሬ ግን በሽታው ወደሚቀጥለው መንደር መሻገሩን ነበር፤ እዚያ ለመድረስ ደግሞ ጠጠሩ ያልቅና ከባድ አሸዋ አለ፣ በአሸዋ ላይ ትንሽ ጎማ በየትኛውም ንፋስ አይሄድም።

ልነሳ ሳጥኑን ሳስር ጉዮ ከጥላው ሥር ተነሳ። እግሩ እንደ ጥጃ ይንቀጠቀጣል። መጥቶ የብስክሌቷን መቀመጫ ያዘ።

«አንተ ሰውዬ፣ ተኛ!» አለች ጫልቱ።

«አሸዋውን ላሻግራት» አለ።

«ራስህን መሸከም ሳትችል?»

«እሱን እየሄድኩ አያለሁ።»

እኔም ተመለስ ልለው ነበር። ፊቱን ሳየው ግን ተውኩት። እኔ መሪውን፣ እሱ መቀመጫውን ይዘን አሸዋ ገባን። ጎማው እስከ ቸርኬው ይሰምጣል፣ እንቆማለን፣ እንተነፍሳለን፣ እንገፋለን። ጫልቱ ከኋላችን እየተቆጣች እንስራ ውሃ ይዛ ተከተለችን። አሸዋው አልቆ ጠጠሩ ሲጀምር ጉዮ እጁን ከመቀመጫው አነሳና ተንፈራጦ ቆመ፤ አልወደቀም። ጎንበስ ብዬ ቫልቭዋን ጠረግሁ፣ ሁለቱንም ጎማ ነፋሁ፣ አንድ ዙር ነድቼ አዳመጥኩ። ዝም ሲል መንገዴን ቀጠልኩ።